«ከማን ተጣልቶ ነው?»፦ በጤናው ዘርፍ የሚካሄድ የሙስና ምርመራና የፖለቲካ ፍላጎት



እዚህ አራዳ ውስጥ፣ በተለይም ፒያሳ ቡናውን ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ አንድ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ መያዙን በዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ወሰደ?» ብሎ አይደለም፤ «ከማን ተጣልቶ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ፌዝ ይመስላል። እኔ ግን የሃምሳ ዓመት ልምድ ያስተማረው የንባብ ስልት አድርጌ እወስደዋለሁ። የዛሬው ንግግሬም ይህ ጥያቄ የት ላይ እውነቱን እንደሚያሳየን፣ የት ላይ ደግሞ እንደሚያሳስተን ለመመርመር ነው። የመረጥሁት መስክ ጤና ነው፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ እገልጻለሁ።

ሰፈሩ ራሱ ለዚህ ርእስ የተሠራ ይመስላል። ሕጉ የሚወጣበት ምክር ቤት አራት ኪሎ ነው። ለብዙ ዓመታት ተጠርጣሪዎች ይመረመሩበት የነበረው ማዕከላዊ ከጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም፤ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል ተብሎ ነበር። የጊዜ ቀጠሮ ከሚሰማባቸው ችሎቶች አንዱ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ነው። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ቤተ ሳይዳ የሚሉት የየካቲት 12 ሆስፒታልም ስድስት ኪሎ ነው። ሕግ አውጪው፣ መርማሪው፣ ዳኛውና በሽተኛው በእግር በሚዳረሱበት አንድ ክበብ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። እርስ በርሳቸው ግን እምብዛም አይተያዩም።

ተረታችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ተረት የሙስና ባህላችን ማስረጃ አድርገው በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። እኔ ትኩረቴን የሚስበው «ሲሻር» የሚለው ቃል ነው። የምርመራ ታሪካችንን ገልጦ ያየ ሰው ተረቱ ላይ አንድ ነገር መጨመሩ አይቀርም፦ ሲሾም የበላ የሚጠየቀው ሲሻር ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ልጀምር። የወሎ ረኃብ መደበቁና የባለሥልጣናት ብልሹ አሠራር ሕዝቡን ባስቆጣበት በዚያ ዓመት በሰኔ ወር አንድ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት ይህ ኮሚሽን፣ ሹማምንትን ጠርቶ ጠየቀ፤ ሰነድ አገላበጠ፤ ቃል ተቀበለ። በዘመናዊ ታሪካችን ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ለሕዝብ ጉዳት በጥያቄና በመልስ እንዲጠየቁ የተሞከረበት ብርቅ አጋጣሚ ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የንጉሡ ከዙፋን መውረድ ዋዜማ፣ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ረኃብ እውነት ነበር። የታየበት ምሽት የተመረጠው ግን በረኃቡ ምክንያት አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ የኮሚሽኑ ሥራ ገና አላለቀም ነበር። በደል የተባለው ነገር ተመዝኖ ማን ምን ያህል እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ ተጠያቂዎቹ አለቁ። ለእኔ ይህ የሚያስተምረው ዋና ነገር የፖለቲካ ፍላጎት የግድ ሐሰተኛ ወንጀል እንደማይፈጥር ነው። እውነተኛውን በደል ይወስድና ለራሱ ሰዓት ያውለዋል፤ ሲያበቃም ምርመራውን ከመንገድ ላይ ያስቀረዋል።

በኢሕአዴግ ዘመን መጀመሪያ የሐኪም ስም ከመንግሥት ክስ ጋር ሲነሣ ትዝ የሚሉን ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ናቸው። እርሳቸው በሙስና አልተከሰሱም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሚሆኑ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ተሰናበቱ፤ በኋላ በፖለቲካ ወንጀል ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ስማቸውን ያነሣሁት ለንጽጽር ነው። ፖለቲከኛን በፖለቲካው መክሰስ ዋጋ ያስከፍላል፤ ተከሳሹ በየቤቱ ፎቶው የሚሰቀል ሰው ይሆናል። በምዝበራ የተከሰሰ ሰው ግን ጎረቤቱ እንኳ ሊያዝንለት ያመነታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ የሥልጣን ሽኩቻዎች ደጋግመው የሙስናን ልብስ የለበሱት አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ተመልከቱት። በጥቅምት 1989 አቶ ታምራት ላይኔ ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተነሡ፤ የሙስና ክስ ተከተለ። በመጋቢት 1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በግንቦት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ በዚያው ወር ከተሸነፈው ወገን የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ ተያዙ። አቶ መለስ ዜናዊ ባረፉ በዓመቱ ውስጥ፣ በግንቦት 2005፣ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ። በመጋቢት 2010 የመንግሥት ለውጥ መጣ፤ በኅዳር 2011 የሜቴክ እስር ሆነ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፤ በኅዳር ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተሰየመ። ይህን ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ የፒያሳው ጥያቄ መልስ አገኘ ይላል።

አልቸኩልም። ከለውጥ በኋላ የሚከፈት ምርመራ ሁሉ በቀል ነው የሚለው ድምዳሜ አንድ ተራ እውነት ይዘነጋል። አለቃው ወንበሩ ላይ ሳለ የመጋዘን ሠራተኛው አፉን አይከፍትም፤ የሒሳብ ሹሟ ሰነዱን አታወጣም፤ ነጋዴው ጉቦ መስጠቱን አይናገርም። ለውጥ ሲመጣ ግን ምላስ ይፈታል። ስለዚህ ጊዜው ብቻውን ክፉ ሐሳብን አያስረዳም። አንድ ዶሴ ለምን ዛሬ ተከፈተ ብለን ስንጠይቅ፣ በተመሳሳይ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ሌሎቹ ዶሴዎችስ ለምን አልተከፈቱም የሚለውንም አብረን መጠየቅ አለብን።

መደርደሪያው ደግሞ ምናባዊ አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። አቶ ገመቹ ዱቢሶ በኃላፊነት ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ስለ ጉድለቶቹ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በቀረበው ግኝት ላይ እርምጃ ስላለመወሰዱም ደጋግመው ለምክር ቤቱ አሳስበዋል። ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ በየዓመቱ ይነበባል። ምክር ቤቱ ያዳምጣል፣ የሥራ ኃላፊዎች «እናስተካክላለን» ይላሉ፣ ወረቀቱ ይቀመጣል። ከዚህ ክምር ውስጥ አንዱ በፖሊስ መኪና ታጅቦ ሲወጣ ማን እንደመረጠው መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። የፖለቲካ ፍላጎት በዋናነት የሚገባው በዚህ በምርጫው በኩል ነውና።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። በሚያዝያ 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 59 ያህል ሰዎች በከባድ ሙስና ተጠርጥረው መያዛቸውን አስታወቀ። ከተጠቀሱት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ነበር። ኤጀንሲው በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመ፣ ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚገዛ፣ የሚያከማችና የሚያከፋፍል ነው። በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚገዛውም ሆነ ከውጭ ለጋሾች የሚመጣው የፀረ ኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒት በእጁ ያልፋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል ሕይወት የተገናኘበት ቦታ በአገሪቱ ብዙ የለም።

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የሚያዝያ 2011ን እስር የሚያስታውስ እጁን ያውጣ ስል ብዙ እጅ ይወጣል። ከተያዙት መካከል በማን ላይ ምን እንደተፈረደ፣ ማን ነፃ እንደወጣ የሚነግረኝ ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። እስሩ መግለጫ አለው፣ ካሜራ አለው፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ቁጥር ብቻ ይታወቃል። ዜናው እስሩ ላይ የሚያበቃ ምርመራ ለፖለቲካ የሚሰጠውን ጥቅም በመጀመሪያው ቀን ሰጥቶ ጨርሷል።

ጤና ለእንዲህ ያለ አጠቃቀም ለምን ይመቻል? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። «የሕዝብን መድኃኒት በላ» ከሚለው የበለጠ ቁጣ የሚቀሰቅስ ክስ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የረቀቀ ነው፤ ከሕጉ አሠራር ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በዘርፉ እውነተኛ ዘረፋ መኖሩን ማንም አይክድም። የጨረታው ዝርዝር መግለጫ አንድ አቅራቢ ብቻ እንዲያሟላው ተለክቶ ይሰፋል። የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ የቀረበ መድኃኒት በሙሉ ዋጋ ይገባል። ከመጋዘን የወጣው ሳይደርስ የግል መደብር ውስጥ ይገኛል። ይህን የሚያደርግ ሰው ወንጀለኛ ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ይህን የማያደርገውም ሰው በወረቀት ላይ ከእርሱ ጋር መመሳሰሉ ነው።

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የግዥ ኮሚቴ አባል የሆነች የቀድሞ ተማሪዬ የነገረችኝን ልጥቀስ። የማደንዘዣ መድኃኒት አለቀ። ከአቅርቦት ተጠየቀ፤ «የለም» ተባለ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሕመምተኞች አልጋ ላይ ናቸው። ግልጽ ጨረታ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ቢሞከር መድኃኒቱ ያለው አንድ አስመጪ ዘንድ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ካለፈው እጥፍ ሆኗል። በወቅቱ የነበረው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለአስቸኳይ ሁኔታ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን ይፈቅዳል። ነገር ግን «አስቸኳይ ነበር ወይ?» የሚለውን የሚወስነው ያን ቀን በሽተኛውን ያየው ሐኪም አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያነብ መርማሪ ነው። እርሷ ፈረመች። ቀጥሎ በተመሳሳይ ጉዳይ ሲጠሩ ግን የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ ስብሰባ መቅረት ጀመሩ።

መርማሪው ፋይሉን ሲከፍት ምን ያገኛል? ከወትሮው ዋጋ በላይ፣ ያለ ጨረታ፣ ከአንድ አቅራቢ የተፈጸመ ግዥ ነው የሚያገኘው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 403 በሙስና ወንጀሎች ላይ የተለየ ድንጋጌ አለው። የወንጀሉ መሠረታዊ ፍሬ ነገር ከተረጋገጠ፣ ተከሳሹ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር ድርጊቱን የፈጸመው የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ሌላውን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ይገመታል። ይኸው ሐሳብ ወደ ሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም ተሸጋግሯል። «ሥራን በማያመች አኳኋን መምራት» የሚባለው የወንጀል ዓይነት ደግሞ ለግዥ ጉዳይ የተመቸ ነው። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው ደንብ መጣሱን ማሳየት ለዐቃቤ ሕግ ረጅሙን መንገድ ያሳጥርለታል፤ ሐሳቡ ንጹሕ እንደነበር የማስረዳቱ ሸክም በፋርማሲ ባለሙያዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ይህ ድንጋጌ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጉቦ በደረሰኝ አይሰጥም፤ ሐሳብን በቀጥታ ማስረዳት በየትም አገር ከባድ ነው። ነገር ግን አስቸኳይ ሁኔታ የዕለት እንጀራው በሆነ ዘርፍ ውስጥ ውጤቱ ሌላ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በላይ የሠራ ኃላፊ ሁሉ መደርደሪያው ላይ አንድ ዶሴ ይኖረዋል። ሁሉም ዶሴ ካለው ደግሞ፣ የሚከሰሰውን የሚለየው ጥፋቱ መሆኑ ይቀርና ከሥልጣን ጋር ያለው ዝምድና ይሆናል። ታማኝ እስከሆንህ ወረቀቱ ይተኛል፤ ስታፈነግጥ ይነቃል። የጤናው ዘርፍ ኃላፊ ይህን ስለሚያውቅ፣ ማንም ሳይከሰው እንኳ ልጓሙ አፉ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ወደ 1993 ዓ.ም. ልመለስ፤ ለፖለቲካ ተብሎ የተሠራ ሕግ የት ድረስ እንደሚጓዝ የሚያሳይ ነውና። አቶ ስዬ አብርሃ ፍርድ ቤት ቀርበው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ሩቅ ሳይሄዱ እንደገና ተያዙ። በሰኔ ወር አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣና በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ ተከለከለ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። በኋላ የወጡት ሕጎች ክልከላውን ከቅጣቱ ክብደት ጋር አያይዘው አጠበቡት፤ ክልከላው ግን ሥር ሰድዶ ቀረ። ለአንድ የፖለቲካ ቀን ታስቦ የተሠራ አጥር ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ የማያውቀውን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊም አጥሮታል። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚሠራ ሕግ በዚያ ሰው አያበቃም።

የምርመራው ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረም ማየት ይገባል። ኮሚሽኑ ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ተወስዶ ለፌዴራል ፖሊስና በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ለተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ፤ ኮሚሽኑ ሀብት ማስመዝገብና ማስተማር ቀረው። በ2013 ዓ.ም. ተጠሪነቱ ወደ ምክር ቤቱ ዞረ፤ መክሰስ ግን አብሮት አልተመለሰም። በ2015 የተሰየመው ኮሚቴ የፍትሕ ሚኒስትሩንና የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎቱን ዋና ዳይሬክተር በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። ቅርጹ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ያልተለወጠው፣ የትኛው ዶሴ እንደሚከፈት የሚወስነው ሰው ከአስፈጻሚው ጥላ ሥር አለመውጣቱ ነው።

የመዝጋት ሥልጣንም ከመክፈት አያንስም። የአቶ መላኩ ፈንታ ጉዳይ አምስት ዓመት ያህል ችሎት ከተመላለሰ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋረጠ። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ በዚያ ሰሞን የእስር ቤት በር መከፈቱ ራሱ በዓል ነበር። የሕግ ዐይን ግን ሌላ ነገር ያያል። ክሱ እውነት ከነበረ ሕዝቡ ፍርድ ተነፈገ፤ ሐሰት ከነበረ ሰውዬው «ነፃ ነህ» የሚለውን ቃል ተነፈጉ። ክሱ የጀመረው በአስፈጻሚው እጅ ነው፤ ያበቃውም በአስፈጻሚው እጅ ነው፤ ዳኛው በመካከል አስተናጋጅ ሆኖ ቀረ።

ከአገራችን ውጭ አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ለእኛ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ነው። በኮቪድ ወቅት የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዝዌሊ ምኪዜ፣ መሥሪያ ቤታቸው ዲጂታል ቫይብስ ለተባለ የኮሙኒኬሽን ድርጅት በሰጠው 150 ሚሊዮን ራንድ የሚሆን ውል ምክንያት ተመረመሩ። መርማሪው አካል ድርጅቱን ከሚኒስትሩ የቅርብ ሰዎች ጋር አያያዘው፤ እርሳቸው ጥፋተኝነታቸውን አልተቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ግን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ለገዢው ፓርቲ መሪነት ከፕሬዚዳንት ራማፎሳ ጋር ተወዳድረው በ2,476 ለ1,897 ድምፅ ተሸነፉ። ደጋፊዎቻቸው ምርመራው ተቀናቃኝን ከመንገድ የማስወገጃ ዘዴ ነበር አሉ። ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም፤ ያ ልዩ የምርመራ አካል ሥራ የሚጀምረው በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸውም በዚያው ሰሞን በእርሻ ቤታቸው ተሰረቀ በተባለ የውጭ ገንዘብ ይጠየቁ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የምርመራው ሪፖርት ለሕዝብ ወጣ። ጋዜጠኛውም፣ የሚኒስትሩ ጠበቃም፣ የትኛው ገንዘብ ወደየትኛው ሒሳብ ገባ የሚለውን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ ቻሉ። ሚኒስትሩ ሪፖርቱ እንዲሻር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ። የፖለቲካ ፍላጎት አልጠፋም፤ የቀረበው ማስረጃ ግን ከፍላጎቱ ተለይቶ በራሱ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ቻለ። የፒያሳው ሰው ደቡብ አፍሪካ ቢሆን ኖሮ «ከማን ተጣልቶ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ምን ወሰደ?» የሚለውንም ጠይቆ ወረቀት ያገኝ ነበር።

ከራሳችን ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይም አለ፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በጥር 2014፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የቀድሞውን የጤና ሚኒስትር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖምን የዓለም ጤና ድርጅት እንዲመረምራቸው በደብዳቤ ጠየቀ። ከምዝበራ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ለአንድ ወገን ወግነዋል፣ የሙያ ኃላፊነታቸውን ጥሰዋል የሚል ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ምርመራ አልከፈተም። ስለ ሰውዬው የምናስበው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አዳራሽም አንድ ልብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ የማስተውለው፣ ከሳሹ ራሱ መዝገብ ከፋች ባልሆነበት መድረክ ክሱ መጀመሪያ የሌላውን ሰው ዐይን ማለፍ እንደነበረበት ነው።

ይህ ሁሉ ለበሽተኛው ምን ያደርግለታል? ሙስና የሚለውን ቃል ከግእዝ ነው ያገኘነው፤ «ማሰነ» ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት «ሙስና መቃብር» ሲባል የሥጋ መበስበስ ነው። በጤናው ዘርፍ ይህ የጥንት ትርጉም በቀጥታ ይሠራል። ዘራፊው ሲሠራ መድኃኒት ይጠፋል። ምርመራው እንደ ዱላ ሲያገለግልም መድኃኒት ይጠፋል፤ በሌላ መንገድ ነው እንጂ። ለመፈረም የፈራ ኮሚቴ ስብሰባውን ያስተላልፋል፤ ጨረታው ሁለት ጊዜ ይሰረዛል፤ ሦስተኛው አቅራቢ እስኪገኝ ይጠበቃል። አለመግዛት አያስከስስም። በመድኃኒት እጦት ስለሞተ ሰው የግዥ ኮሚቴ ሲጠየቅ የሰማ አለ? በየሆስፒታሉ የሚሰማው «ከውጭ ግዙ» የሚለው ቃል ነው፤ አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ከአንዱ የግል ፋርማሲ ወደ ሌላው ይዞራል። የዘረፋው ኪሳራ በኦዲት ሪፖርት ላይ በብር ይጻፋል፤ የፍርሃቱ ኪሳራ የሚጻፍበት ሰነድ የለም።

ስለዚህ «የጤናውን ዘርፍ አትመርምሩ» የሚል ሰው ከእኔ ዘንድ ድጋፍ አያገኝም። ምርመራውን ከፖለቲካው ቀን መቁጠሪያ የሚያላቅቁ ጥቂት ተጨባጭ ነገሮች አሉ፤ ሁሉም በሕግ አውጪው እጅ ናቸው። የዋና ኦዲተሩ ግኝት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ወደ ዐቃቤ ሕግ የሚሄደው በማንም ምርጫ ሳይሆን በሕግ አስገዳጅነት ቢሆን፣ መደርደሪያው አሳዳጅ የሌለው የዶሴ ማከማቻ መሆኑ ይቀራል። ዐቃቤ ሕጉ አልከስስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ያቅርብ። የተጀመረ ክስ ሲቋረጥም ምክንያቱ በግልጽ ችሎት ይነበብ። የአንቀጽ 403 ግምት ደግሞ፣ ሐኪም በጽሑፍ አስቸኳይነቱን ባረጋገጠበትና ኮሚቴው በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ በመዘገበው የመድኃኒት ግዥ ላይ እንዳይሠራ ቢደረግ፣ ዐቃቤ ሕጉ እንደማንኛውም ወንጀል ሐሳብን በማስረጃ ያስረዳል፤ ጉቦ ከተቀበለ ሰው ላይ ማስረጃ ማግኘት የባንክ ሒሳብ በሚመረመርበት በዚህ ዘመን ከቀድሞው ቀሏል። የምርመራ ጓደኞቻችን ይህ በር ይከፍታል ይላሉ። ይከፍታል፤ ግን የተዘጋው በር በማን ላይ እንደተዘጋ አይተናል።

የመጨረሻው ነገር የእኛው ድርሻ ነው። ስለ ተያዙ ሰዎች ብዙ ሰማን፤ ስለ ተፈረደባቸውና ስለ ተለቀቁት የተሰበሰበ ሰነድ በእጃችን የለም። በመጪው ሴሚስተር ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር የአራዳንና የልደታን ምድብ ችሎቶች መዝገብ ቤት ፈቃድ ጠይቀን፣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ከጤና ተቋማት ግዥ ጋር የተያያዙ የሙስና ክሶችን በቁጥር፣ በተከሳሹ የሥራ ደረጃ፣ በተከፈቱበት ወርና በውጤታቸው ለይተን መመዝገብ እንጀምራለን። የግል ስም አንመዘግብም። መዝገቡ ሲሞላ የፒያሳው ጥያቄ ስንት ጊዜ ትክክል እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ሌባ እንዳስመለጠ በቁጥር ማየት እንችላለን። መሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች ስማችሁን በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ አማርኛ የእጅ ጽሑፍ በደንብ የሚያነብ ሰው በተለይ ያስፈልገናል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።